የቱ ቀለል ነው?

ጅጅጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወለተሐና
ደወሌ

እንደምን ሰነበትሽ? ባቡሩስ እንዴት ነው? ምግብ ቤቱስ? እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ብዬ እንድቀጥል እማዬ አጠገቤ ቆማ ስታስጽፈኝ ነበር። አሁን ሽንኩርት ልትገዛ ስለወጣች እውነቱን እጽፍልሻለሁ። ደህና አይደለንም።

ደብዳቤዎችሽን ሳልመልስ በመክረሜ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወረቀት ፊቴ አስቀምጬ ቀኑን ጽፌ እተወው ነበር። ከቀኑ ቀጥሎ የሚጻፍ ነገር አጣለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ልክ ጠርጥረሻል፤ እማዬ «ራስ ምታት» ብላ የጻፈችልሽ ራስ ምታት አይደለም። እወድቃለሁ። መጀመሪያ በሐምሌ ጓዳ ውስጥ ወደቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ በነሐሴ፣ ከዚያ ደግሞ። እኔ ምንም አላውቅም። ስነቃ ምላሴ ቆስሏል፣ ቀሚሴ ረጥቧል፣ እማዬ ክብሪት እየጫረች አፍንጫዬ ሥር ትይዛለች። ከዚያ ወዲህ የክብሪት ሽታ ጠላሁ። ሐኪም ቤት ወስዳኝ ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክኒን አዘዘልኝ። ከበሩ እንደወጣን እማዬ እጄን ጨብጣ «ይህ ቃል እዚሁ ይቅር» አለችኝ። ስለዚህ እኛ ቤት ስሙ ራስ ምታት ነው። አንቺም እንዲሁ በዪው።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ፣ ዘጠነኛ ክፍል ተመዝግቤ ለጥቂት ቀን ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን ልቤ መደብደብ ጀመረ። መጣ፣ አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልወድቅ ነው ብዬ ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። አልመጣም። ቤት ደርሼ አልጋ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን ሳስር ልቤ ይደበድባል፣ ጫማዬን አወልቃለሁ። የሚገርምሽ፣ ከመውደቁ ይልቅ የጨረሰኝ «ልወድቅ ነው» የሚለው ነው። አሁን አብዛኛውን ቀን እተኛለሁ። ጸጉሬን ከተሠራሁ ቆየሁ። ምንም ነገር አያምረኝም፤ አንቺ የላክሽው ተምር እንኳ እዚያው ቁም ሣጥን ላይ ነው።

እማዬ ከምድጃ አጠገብ አታስደርሰኝም። የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ ነቅላዋለች፤ ልብሴን ሳወልቅ በሩን ገፋ አድርጋ ታየኛለች። ሌሊት ደግሞ የመቀነቷን ጫፍ እጄ ላይ ታስራለች፣ ሌላው ጫፍ የእሷ እጅ ላይ ነው። ለመገላበጥ ፈቃድ ጠያቂ ሆኛለሁ። አባዬ ደግሞ ጭራሽ አያየኝም። ከቢሮ ድሮ ከሚመጣበት ሰዓት አሳልፎ ይመጣል፣ ራቱን በልቶ ጋዜጣ ይዘረጋል። አፍሮብኛል መሰለኝ።

ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ለሹፌሩ ለኸሊፍ። የሚኖረው እኛው ሰፈር ነው፤ ነገ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በየደብዳቤሽ የምታነሺው የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ፣ አቶ የኋላሸት፣ ምንድን ነው እሱ?

ናዝሬት


ደወሌ፣ ኅዳር 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለናዝሬት፣ ለእኔዋ አኩራፊ

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስሽ ይድረስሽ፤ ያልተሠራውን ጸጉርሽንም ጨምሮ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ዘንድሮ ቀነስ ብሎልናል፣ ዝንቡ ግን አልሰማም። ባቡር በመጣ ቁጥር የጉምሩክ ፈታሾቹ ዕቃ ሲፈትሹ መንገደኛው ሁሉ ወደ እኔ ይጎርፋል፤ ሩዝ አንሶኝ አያውቅም፣ ሰሃን ግን ያንሰኛል።

ለማንም አልናገርም። በእናቴ አጥንት ምዬልሻለሁ፣ ከዚህ በላይ መሐላ የለኝም። ኸሊፍ ደብዳቤ ሲያቀብለኝ «ደህና ናቸው?» አልኩት፣ «ደህና ናቸው» አለኝ፣ በቃ ይኸው ነው።

የመቀርቀሪያውንና የመቀነቱን፣ የእናትሽን ነገር፣ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አስካለማርያም ታላቄ ናት፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ውሃ ስቀዳ ጉድጓድ እንዳልገባ ከኋላ ቀሚሴን ይዛ ነው ያሳደገችኝ። ቀሚሴን ልቀቂ ብላት አትለቅም፤ ስዘፍን ግን ትለቅ ነበር፣ ድምፄ እየተሰማ ነዋ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ልትታጠቢ ስትገቢ በሩን ዝጊና ዝፈኚ። «ድምፄን እስከሰማሽ ድረስ በሩን አትንኪ» በያት። ዘፈን ካላወቅሽ የማባዛት ሰንጠረዥ በቃልሽ በዪላት። በነገራችን ላይ ድምፅሽ የእኔን ከመሰለ ከበሩ ርቃ ትቆማለች።

አባትሽን ከተማን ደግሞ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የማውቀው። ከተማ በጫማው ያፍራል፣ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ያፍራል፣ በአንቺ ሲያፍር ግን አይታየኝም። ለምን እንደሚያመሽ እኔን ሳይሆን እሱን ጠይቂው።

እናትሽ ጸበል እንደምታስጠጣሽ ጽፋልኛለች። ጠጪ፣ መልካም ነው። ክኒኑን ግን እንዳታቋርጪ፤ እግዜር በሁለቱም አይቆጣም።

ስለ የኋላሸት የጠየቅሽው ቦታ ላይ ወረቀቱን ዘይት ነክቶት ማንበብ አቃተኝ።

አክስትሽ ወለተሐና


ጅጅጋ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወለተሐና፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። በእናትሽ አጥንት ምለሽልኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ወደቅሁ። እማዬ ጋሪ ጠርታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፣ እዚያ ጥቂት ተኝቼ ነቃሁ። ነርሷ በሩ ላይ ሆና ለእማዬ «ቀለል ብሏታል፣ ውሰጃት» አለቻት፣ ተመለስን። በመንገድ ላይ የሚያውቀን ሰው አላየንም። ለጎረቤት እንደተለመደው ራስ ምታት ተባለ።

በማግሥቱ ዐርዶ መጣች፣ ከግድግዳችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን። በትልቅ ዕቃ የግመል ወተት ይዛለች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ተቀመጠችና እማዬን በሶማሊኛ የበሽታዬን ስም ጠርታ «ልጅሽን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዛት?» አለቻት። ትክክለኛውን ስም! እማዬ «ራስ ምታት ነው፣ ብርድ ነው» አለች። ዐርዶ ወተቱን ትታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ልጇ ናስትሆ፣ አብራኝ የምትማረዋ፣ መስኮቴ ሥር ቆማ ስሜን ስትጠራ ነበር። አልከፈትኩም። ምን ልትለኝ እንደመጣች መች ጠፋኝ።

እኛ ቤት ያለን ሰዎች አልተናገርንም። ሐኪሙ እኛን በስም አያውቅም። ከቤቱ ውጪ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ደብዳቤሽን የሚያመላልሰው ደግሞ የዚሁ ሰፈር ሰው ነው። ከዚህ ሌላ ምን ልበል?

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ የምትሄደው ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነው። በእኔ ምክንያት። ርዕሰ መምህሩ ለአባዬ እስከ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ካልተመለሰች ዓመቱ አለፋት ብለውታል፤ ይለፈኝ። ክኒኑንም ምላሴ ሥር አድርጌ እየተፋሁት ነው፣ ያደነዝዘኛል እንጂ ምን ጠቀመኝ። አንዳንዴ ማታ ስተኛ ባልነቃ ብዬ እመኛለሁ። እማዬም እጇን ትፈታ ነበር፣ አባዬም በጊዜ ይገባ ነበር።

መልስ አትጻፊልኝ።

ናዝሬት


ደወሌ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ናዝሬትዬ፣ ዓይኔ፣

አልተናገርኩም። ግን ዛሬ ስለዚህ አንከራከርም፤ ከዚያ የሚያስቸኩል ነገር ጽፈሽልኛል። ማን እንደተናገረ ሌላ ቀን ተጣልተን እንጨርሰዋለን።

«ባልነቃ» ያልሽውን ዓረፍተ ነገር ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩት። ሰሃን የሚቆጥር ሰው ይቁጠር ብዬ ምግብ ቤቱን ዘግቼ ለእናትሽ ጻፍኩ። ክኒኑን እንደምትተፊውም፣ ይህንንም ነገርኳት። ኸሊፍን ድሬዳዋ ሳያድር ጅጅጋ እንዲገባ ለምኜዋለሁ፤ የኋላሸትም በጣቢያው ስልክ ድሬዳዋ ደውሎ ደብዳቤው ሳይውል ሳያድር እንዲያልፍ አስነግሮልኛል። ይህኛው ሲደርስሽ አስካለማርያም የእሷን አንብባዋለች። ያኔ ሳልናገር ተናገርሽ አልሽኝ፣ አሁን በእርግጥ ተናግሬያለሁ። ብትፈልጊ ዕድሜ ልክሽን ተቆጪኝ። ዕድሜ ልክሽን ብቻ ይሁን፣ ረጅም ዕድሜ።

ፈርቻለሁ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ስምሽን እየጠራሁ ነው ወጥ ስሠራ የምውለው። አንቺ ሸክም አይደለሽም። ሸክም ብትሆኚባት ኖሮ እናትሽ መቀነቷን እጇ ላይ አታስርም ነበር፤ ሰው ሊጥለው የሚፈልገውን አያስርም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ ብቻሽን አትያዢው። ሲመጣብሽ፣ እናትሽም ትሁን አባትሽ፣ «መጣብኝ» በያቸው። ምክንያቱን ማስረዳት የለብሽም። ለእናትሽም አፍሽን በግድ ከፍታ ክኒን እንዳትፈልግ፣ እንዳትቆጣሽም ጽፌላታለሁ። ሐኪሙ ጋ ደግሞ ሦስታችሁም ሂዱ፤ የከተማም ቢሮ አንድ ቀን ቢቀርበት አይፈርስም። መድኃኒቱን አቁመሽ እንደነበር ለሐኪሙ አንቺው ንገሪው።

እኔ እዚህ ሆኜ የምችለው ይህን ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል። መልስ አትጻፊ ብለሽኛል፤ ይኸው ጻፍኩ።

አክስትሽ


ጅጅጋ፣ ጥር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወለተሐና

እንደምን ከረምሽ? በዓሉንስ እንዴት አሳለፍሽ? ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር፣ ግን ይቅርታው ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ተቆጥቼብሽ ነበር። ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት እማዬ ቆማ አንብባ ጨረሰችው፣ ነጠላዋን አነሳች፣ ወጣች። ፊቷን አልሸፈነችም። በሕይወቷ ረግጣው ወደማታውቀው የአባዬ ቢሮ ሄዳ፣ እዚያ ምን እንዳለችው ማንም አልነገረኝም፣ ብቻ ሁለቱም በአንድ ጋሪ መጡ። አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጠ። እማዬ በሌላው በኩል። አልተቆጡኝም። ያ ቀን እንዴት እንደመሸ አላስታውስም፣ መካከላቸው ተኝቼ ነው የነጋው።

ሐኪሙ ጋ የተባለውን ማወቅ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ሁሉንም አልጽፍም፤ ግማሹ የእማዬ ነው፣ እሷ ትንገርሽ። ሐኪሙ መጀመሪያ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም እንዴት እንደሚያባብስ ነገረኝ፣ አልጮኸብኝም። የሚያደነዝዘኝን ስነግረው ማታ ልተኛ ስል እንድወስደው አደረገ። ከዚያ ፍርሃቱም፣ የማይነሳው ድብርትም ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ ስንፍና አይደለም፣ ከሚወድቁ ልጆች ብዙዎቹን ያገኛቸዋል አለ። እኔ እኮ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር! «ለመውደቁ ክኒን አለኝ» አለ፣ «ለዚህኛው ግን እናንተንም እፈልጋችኋለሁ።» ከዚያ እያንዳንዳችን የምንፈራውን እንድንናገር ጠየቀን።

የአባዬን ልንገርሽ። «ከቢሮ የማመሸው» አለ፣ «በሩን ስከፍት ወድቃ እንዳላገኛት ፈርቼ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ቤት ይኑር እያልኩ ነው።» ከዚያ መሐረቡን አወጣ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ ያፈረብኝ መስሎኝ ነው፣ አክስቴ። ሊነግረኝ አይችልም ነበር? እኔስ ልጠይቀው? አንቺ ጠይቂው ብለሽኝ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደተንሰቀሰቅሁ ነርሷ ሳትቀር በሩን ከፍታ አየች፤ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ግን ያኔ ተነሳልኝ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሦስታችንም እንሄዳለን። ማታ ክኒን የምንውጠው አብረን ነው፤ አባዬ የጨጓራውን፣ እኔ የእኔን፣ እማዬ ደግሞ እንዳይቀርባት ውሃ ትጠጣለች። መቀነቱ ቀርቷል፤ በምትኩ አልጋዬን ከእነሱ ክፍል ግድግዳ አስጠግተውልኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ጋር እስከ ገበያው በእግር እንሄዳለን፣ በየሳምንቱ ትንሽ እናርቀዋለን። ልቤ ሲደበድብ «መጣብኝ» እላለሁ፣ አባዬ ይቆማል፣ አብሮኝ ይቆማል፣ ያልፋል። በመታጠቢያ ቤትም እዘፍናለሁ። እማዬ ከውጪ ሆና ግጥሙን ስሳሳት ታርመኛለች። አልፎ አልፎ ቀኑ ይጨልምብኛል፣ የለም ማለት አልችልም፤ ግን አሁን ለሰው የምናገረው ነገር ሆኗል።

አሁን ወደ ይቅርታው። ማንም አልተናገረም!

ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገርን በኋላ እማዬ የወተት ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ የዐርዶን ዕቃ ስንዴ ሞልታ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ተቀምጠን «ያን ቀን የጠየቅሽኝ እውነት ነው» አለቻት። ዐርዶ «አውቃለሁ» አለች። «ማን ነገረሽ ታዲያ?» አለች እማዬ። «እናቴ ናት።» እናቷ አዬዮ ቢሻሮ ናት፣ ከጉናጋዶ ለዓይኗ ሕክምና የመጣችው አሮጊት፤ አዬዮ ማለት አያት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አማርኛ አትችልም። ያን ሰኞ እሷም ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስትጠብቅ ነበር፤ እማዬን በድምጿ ለይታታለች፣ እኛ ግን አላየናትም። «ነርሷ በሩ ላይ ወጥታ በሰው ሁሉ ፊት የልጅቷን በሽታ ተናገረች» አለች አዬዮ፣ ዐርዶ እየተረጎመችላት።

እማዬ ተነሳች። ነርሷን ልትጣላ ነጠላዋን ሁሉ አጣፋች። «ምን ነበር ያለችው? ቃል በቃል ንገሪኝ!» አዬዮ አሰበችና በአማርኛ፣ የነርሷን ድምፅ ሳይቀር አስመስላ «ቀለል ብሏታል» አለች።

እኔ ሶማሊኛውንም አማርኛውንም አፌን የፈታሁበት ልጅ፣ ሁለቱን ቃላት አንድም ቀን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው አላውቅም ነበር። የሚጥል በሽታ በሶማሊኛ «ቀለል» አይደል! ነርሷ «ተሽሏታል» ስትል አዬዮ የሰማችው «የሚጥላት በሽታ ነው» የሚለውን ነው። የሰማችው ስህተት ነበር፣ ያወቀችው ግን ልክ ነው። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከሐምሌ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ዐርዶ፣ ከዚያ እማዬ እንባዋ እስኪወርድ። ለአዬዮ ሲተረጎምላት እሷ አልሳቀችም፤ «እንዲህ ያለ ቃል በሐኪም ቤት በር ላይ አይነገርም» ብላ ነርሷን ወቀሰቻት።

የአዬዮ ወንድም በልጅነቱ እንዲሁ ይወድቅ ነበር። ከግመል ጋር ውሃ ሲወርድ ሁልጊዜ አንድ ሰው በቀኙ ይሄድ ነበር፣ ማንም ስሙን አይደብቅለትም ነበር። አሁን ደገሀቡር የልጅ ልጆች አሉት። «የሚያውቅ ሰው አጠገብ ካለ ምን አለበት?» ትላለች። ናስትሆም ያን ቀን መስኮቴ ሥር የቆመችው የትምህርት ቤቱን ደብተር ልታቀብለኝ ነው።

እናም ይቅርታ፣ አክስቴ። በአያቴ አጥንት ምለሽልኝ አላመንኩሽም። ይቅር በዪኝ። ትምህርት ቤት ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ያስጨንቀኛል፤ ክፍል ውስጥ ብወድቅስ? አቶ የኋላሸትስ ምንድን ነው፣ እስካሁን አልመለስሽልኝም።

ናዝሬት


ደወሌ፣ የካቲት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለናዝሬት

ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ፈታሾቹ ምን ነካት ብለው ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ታሪኩን ሳልነግራቸው ቀረሁ፣ አየሽ፤ ምስጢር እችላለሁ። ከዚያ የአባትሽ ጋ ስደርስ ሳቄ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ሽሮውን አሳረርኩት።

ይቅር ብዬሻለሁ። ተቀይሜሽ አልነበረም ብል ዋሸሁ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀይሜሽ ነበር፤ ግን ቅያሜዬን ፍርሃቴ በላው። እግዜር ይመስገን። እናትሽም ጽፋልኛለች፣ ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልጻፈችልኝም። ውስጡ ያለውን አልነግርሽም፣ የእሷ ነው።

«ብወድቅስ» ላልሽው፣ አትወድቂም እያልኩ አላታልልሽም። ትወድቂ ይሆናል። ስለዚህ ክብሪት እንዳይጭሩብሽ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሐኪሙ ለእናትሽ ያሳያትን ለናስትሆ አሳያት፤ በጎን ማስተኛቱን፣ ራስሽ ሥር ልብስ ማድረጉን፣ አፍሽ ውስጥ ምንም አለመክተቱን። የአዬዮ ወንድም በቀኙ የሚሄድለት ሰው ነበረው ብለሻል። አንቺም በቀኝሽ ይኑርሽ፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል።

እፈራለሁ፣ አዎ። አንቺም ፍሪ፤ ግን ጫማሽን አስረሽ ፍሪ።

ስለ የኋላሸት አሁንም ጠይቀሻል፣ በዚህኛው ወረቀት ላይ ዘይት የለም፣ ማምለጫ አጣሁ። እንዋዋል። ትምህርት ቤት ገብተሽ ደብዳቤ የጻፍሽልኝ ዕለት እመልስልሻለሁ።

አክስትሽ ወለተሐና


ጅጅጋ፣ መጋቢት 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወለተሐና

እንደምን ነሽ? መልስሽን አዘጋጂ። ትምህርት ቤት ገብቻለሁ!

ያመለጠኝን ፈተና እየተፈተንኩ ነው፤ ሒሳቡ ከብዶኛል፣ ሌላው እንደነገሩ ነው። መጀመሪያ የገባሁ ጠዋት አባዬ ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ መዶሻ ያንኳኳል። መቀርቀሪያውን መልሶ መታው። መዶሻውን ቦታው መልሶ ቢሮው ሄደ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ታጠብኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ ከልማድ ስዘፍን ነበር። እማዬም ከልማድ አረመችኝ።

በተከታታይ ለብዙ ቀን ምንም አልሆንኩም። ልቤ ሲደበድብ ለናስትሆ «መጣብኝ» እላታለሁ፣ በቀኜ ነው የምትቀመጠው። ያልፋል። ከዚያ ትናንት ጠዋት ወደቅሁ። ክፍል ውስጥ፣ በጂኦግራፊ ሰዓት፣ ልክ እንደፈራሁት፣ ሁሉም እያየ።

እንዴት ሆነ ካልሽ እኔ የማውቀው የለም፣ ናስትሆ የነገረችኝን ነው የምነግርሽ። ከኋላ አንዱ «ክብሪት! ክብሪት!» ብሎ ጮኸ። እሷ «ክብሪትህን አፍህ ውስጥ ክተት!» አለችው፣ ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት ትላለች። በጎኔ አስተኛችኝ፣ ሹራቧን ራሴ ሥር አደረገች፣ ቀሚሴን ወደ ታች ሳበችልኝ። መምህሩ ልጆቹን ወደ ሰሌዳው አዞሯቸው። ስነቃ የክብሪት ሽታ አልነበረም። ናስትሆ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ መምህሩ ስለ ዋቢ ሸበሌ እያስተማሩ ነው። ልጆቹ እኔን ሳይሆን ካርታውን ነበር የሚያዩት። አፍሬያለሁ፣ አልዋሽሽም፣ አልቅሼያለሁም። ነገር ግን ሊሆን ይችላል ብዬ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ያስያዘኝ ነገር ሆነ፣ አለፈም፣ እኔም አለሁ። ሌላ ምን ይመጣብኛል?

እማዬ ሰምታ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ስታየኝ ቆመች፤ እጇን ወደ መቀነቷ ላከችና መለሰችው። «ቤት እንሂድ ወይስ ትጨርሻለሽ?» አለችኝ። ጠየቀችኝ፣ አክስቴ! ደክሞኝ ስለነበር ቤት እንሂድ አልኳት፤ ዛሬ ግን ተመልሼ ሄጃለሁ።

ሰፈር ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። አዬዮ ቢሻሮ በራቸው ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ አሁንም አጥርቶ አያይም፣ በእግሬ ኮቴ ለየችኝ። እኛ ቤት ስትመላለስ ጥቂት አማርኛ ለምዳለች፤ አገጯን ወደ እኔ ቀና አድርጋ «ናዝሬት፣ ቀለል ነው አሉኝ» አለች። «የእኛ ነው የእናንተ?»

«ጠዋት የእናንተ ነበር፣ አዬዮ» አልኳት። «አሁን የእኛ ነው።»

«ሃዬ፣ እሺ» አለች፣ ጠጋ ብላ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

ናዝሬትሽ